ከባቡር ጢስ ማውጫ የሚወጣው ነበልባልና የነጋዴው ጥንቃቄ

ባቡር መመልከትን እንደ መዝናኛ የያዙ ሰዎች በልዩ ልዩ አገሮች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በሐዲድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን የጭነት ባቡር ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ይልቁንም ሎኮሞቲቩ ከጢስ ማውጫው ነበልባል ሲተፋ ባዩ ጊዜ ደስታቸው ወሰን የለውም፤ በሌሊት ሲሆን ደግሞ እንደ ርችት ይቈጥሩታል። ይሁን እንጂ ለተመልካቹ ትርኢት የሆነው ነገር በፉርጎው ውስጥ ዕቃ ላለው ነጋዴ ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ የነበልባሉን ምክንያት ማወቅ ለነጋዴዎች ይጠቅማል።

በናፍጣ የሚሠራ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የኤሌክትሪክ ብልጭታ አያስፈልገውም። ፒስተኑ አየሩን በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው አየር እጅግ ይግላል፤ ናፍጣው በዚህ ግለት ላይ ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ደኅና ሲሆን እሳቱ በዚያው በሲሊንደሩ ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ጢስ ብቻ ነው።

እሳቱ ወደ ውጭ የሚዘልቀው በሦስት ምክንያቶች ነው። አንደኛው፥ ባቡሩ ቆሞ ሞተሩ ብዙ ሰዓት በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነው። በዚህ ጊዜ ሞተሩ በሚገባ ስለማይግል ያልነደደ ናፍጣና የሞተር ዘይት በጢስ መውጫው ቧንቧ ውስጥ ይጠራቀማል። ነጂው ከባድ ጭነት ለማንቀሳቀስ ነዳጅ በጨመረ ጊዜ የጋለው ጢስ የተጠራቀመውን ያነድደዋል። ሁለተኛው፥ ናፍጣው ፈጥኖ ሲጨመር አየር የሚገፋው ቱርቦ ግን ዘግይቶ ሲነሣ ነው። በአሜሪካ አገር የአልኮ ፋብሪካ ይሠራቸው የነበሩት ሎኮሞቲቮች በዚህ ምክንያት በጥቁር ጢሳቸው የታወቁ ነበሩ። ሦስተኛው፥ የክፍሎች ማርጀት ነው፤ ናፍጣ የሚረጨው ክፍል ሲያንጠባጥብ፥ የፒስተኑ ፋሻ ሲበላ፥ ወይም የቱርቦው ዘይት መከላከያ ሲያልቅ ነው።

ይህ ጉዳይ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. የፈቀዱት የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ደርሷል። ከጅቡቲ እስከ ለገሃር ያለው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሥራው በእንፋሎት ባቡር ተጀምሮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ተተክቷል። ባቡሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወደሚሆን ከፍታ ይወጣ ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየር ሲያንስ ናፍጣው በሙሉ አይነድም፤ ጢሱም ይበዛል። ስለሆነም በዳገታችን የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ከቈላው የበለጠ እንክብካቤ ይሻል።

አሁን ሁኔታው ተለውጧል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ. ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መሥመር ባቡሩን የሚስበው በኤሌክትሪክ ነው። በመስከረም 2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረውና በልደታ በኩል የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡርም እንዲሁ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር የሞተር ጢስ ማውጫ ስለሌለው እንዲህ ያለ ነበልባል አይወጣውም። እንግዲህ የጌጃ ሰፈር ባለሱቅ ከዚህ ጉዳይ ምን አለው? ይባል ይሆናል። መልሱ ከሱቁ ጓሮ ይገኛል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የናፍጣ ጄኔሬተር በአሠራሩ የሎኮሞቲቩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕቃ ከጅቡቲ የሚያመጣው የጭነት መኪናም እንዲሁ።

ትልቅ ጄኔሬተር ገዝቶ ለጥቂት አምፑልና ለአንድ ማቀዝቀዣ ብቻ ቀኑን ሙሉ ማሠራት፥ ሎኮሞቲቭን በጣቢያ አቁሞ ሞተሩን እንደ ማስነሣት ነው። ያልነደደው ናፍጣና ዘይት በማውጫው ይጠራቀማል፤ ጥቁር ቅባት መሳይ ፈሳሽ በቧንቧው ጫፍ ሲንጠባጠብ ምልክቱ ይታያል። በኋላ ወፍጮ ወይም የብየዳ መሣሪያ ድንገት ሲጨመርበት ፍንጣሪ ሊወጣ ይችላል። በአጠገቡ ካርቶን፥ ጆንያ ወይም የነዳጅ ጀሪካን ካለ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሰዓት ዐመድ ይሆናል።

ስለዚህ ነጋዴዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይበጃቸዋል።

1ኛ. የጄኔሬተሩ ኃይል ከሱቁ ፍላጎት ጋር የተመዛዘነ ይሁን፤ ከአቅሙ ሲሶ በታች በሆነ ሥራ ለረጅም ጊዜ አይሠራ።

2ኛ. ጄኔሬተሩ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ ማውጫው ከዕቃና ከጎረቤት ግድግዳ ይራቅ። ጢሱ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላልና።

3ኛ. ነዳጅ የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ ትርፍ ነዳጅም ለብቻው ይቀመጥ።

4ኛ. ዘይቱና የአየር ማጣሪያው በጊዜው ይለወጡ። ሞተሩ ዘይት ካጎደለ ወይም ጢሱ ከጠቆረ ሳይዘገይ ለመካኒክ ይታይ።

5ኛ. ጥጥ፥ ጆንያና ሌላ ቶሎ የሚነድ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ በተዘጋ ኮንቴይነር ቢያስጭን ይሻለዋል፤ በሸራ ከተሸፈነም ሸራው ሳይቀደድ በደንብ ይታሰር። የእሳት አደጋ በኢንሹራንሱ ውል መካተቱንም ከጭነቱ በፊት ያረጋግጥ።

6ኛ. ዕቃ ሲረከብ የማረር ምልክት ያየ ነጋዴ ከመፈረሙ በፊት ጉዳቱን በርክክቡ ወረቀት ላይ ያስጽፍ። ከፈረመ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ብዙ ያደክማል።

በነበልባል የሚወጣው ናፍጣ ዋጋው ተከፍሎበት ሥራ ሳይሠራ የጠፋ ነዳጅ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ጥገናን ለማስተላለፍ ሲባል የሚቆጠበው ጥቂት ብር በየቀኑ በጢስ ማውጫው ይወጣል፤ እሳት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ዕቃውንም ሱቁንም ይዞ ይሄዳል።