ካድሚየምና የኤስትሮጅን ተቀባይ፤ ከበሬሳ ተፋሰስ አንጻር

በደብረ ብርሃን ስለ ከባድ ብረቶች ብክለት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠቀሰው የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽና ክሮሚየም ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ሲሆን፣ ወደ ጀማ የሚወርደውን የበሬሳን ውኃ ከከተማዋ በታች ያሉ ገበሬዎች ለአትክልት መስኖ ይጠቀሙበታል። ጥያቄው ስለ ሆርሞን ተቀባዮች ከሆነ ግን፣ በእኔ አመለካከት ቅድሚያ የሚገባው ካድሚየም ነው።

የኤስትሮጅን ተቀባይ በሕዋስ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሆርሞኑ ሲያርፍበት ቅርጹን ይለውጥና ከዲኤንኤ ጋር ተያይዞ የተወሰኑ ጂኖችን ሥራ ያስጀምራል። ከዲኤንኤ ጋር የሚያያዘው ክፍሉ ሁለት የዚንክ አተሞች አሉት፤ እያንዳንዱም በአራት ሲስቲኖች የተያዘ ነው። ካድሚየም የዚንክ የቅርብ ዘመድ ከመሆኑም በላይ በሲስቲን ውስጥ ወዳለው ድኝ አጥብቆ ስለሚሳብ፣ ጉዳቱ ዚንኩን በማፈናቀል ይመጣል ብሎ መገመት ቀላል ነው። ስቶይካና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት ግን ወደ ሌላ ስፍራ አመለከተ። ካድሚየም ሆርሞኑ ራሱ በሚያርፍበት ክፍል ከጥቂት አሚኖ አሲዶች ጋር ይተሳሰራል፤ ኢስትራዲዮል እንዳይያዝ ያግዳል፤ ተቀባዩንም ያነቃዋል። እንግዲህ ብረቱ በአንድ ጊዜ ከልካይም አስመሳይም ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ኦቫሪያቸው የወጣ አይጦች በኪሎ ግራም ክብደት 5 ማይክሮግራም ካድሚየም አንድ ጊዜ በመርፌ ሲሰጣቸው፣ የማኅፀናቸው ክብደት ጨመረ፤ የጡት እጢያቸውም አደገ። ኤስትሮጅንን የሚቃወም መድኃኒት አብሮ ሲሰጥ ለውጡ ታገደ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ ነገሩ ተራ መርዛማነት ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ባላስቆመው ነበር።

በእርግጥ መርፌ ምግብ አይደለም። አንጀት ከምግብ ካድሚየም ወደ ደም የሚያሳልፈው ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው፤ የአይረን እጥረት ባለባቸው ሴቶች ግን ይህ መጠን ከፍ ይላል። የገባውም ከኩላሊት ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል።

ካድሚየም ለማዳበሪያ በሚውለው የፎስፌት ዐለት ውስጥ በተፈጥሮ ስለሚገኝ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ያለው የገብስ ማሳ ከፋብሪካው ፍሳሽ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የ3 ማይክሮግራም በሊትር ወሰንም የተመሠረተው በኩላሊት ጉዳት ላይ እንጂ በሆርሞን ተቀባይ ላይ አይደለም። ስለዚህ የበሬሳን ውኃ ከዚህ ወሰን ጋር ማነጻጸር ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ አፈሩና የገብሱ ፍሬ፣ ከዚያም በሰውነት የተከማቸውን መጠን የሚያሳየው የሴቶች ሽንት አብረው መለካት አለባቸው።