ሩሯ ለምን ወደ ቀኝ ትሸሻለች?

ባለፈው ገና እዚሁ እኛ ሰፈር፣ አቃቂ በሰቃ፣ ሜዳ ላይ ገና ስንጫወት አንድ ጥፋት አጠፋሁ። ሩሯን ፊት ለፊት ላለው የቡድኔ ልጅ አቀብላለሁ ብዬ ስመታት ወደ ቀኝ ሸሸችና ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረውን የአክስቴን ልጅ ቅልጥሙን መታችው። ልጁ ሳምንት ሙሉ አነከሰ። ሰዉ “የገና ዕለት ነው፣ ምንም አይደል” ቢለኝም እኔን ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ የመታኋት ሁሉ ወደ ቀኝ ነበር የምትሄደው። እኔም ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ትከሻዬን ወደ ግራ እያዞርኩ መታሁ። ይባስ ብሎ ምቱ ሰለለ፤ ሩሯም መሸሿን አልተወችም።

ጎረቤታችን ጋሼ በወጣትነታቸው ለጎልፍ ተጫዋቾች ቦርሳ ይሸከሙ ነበር። ማታ ቡና ላይ ይህን ስነግራቸው ሳቁና “ልጄ፣ ይሄ በሽታ ጎልፍ ላይም አለ፤ ስላይስ ይሉታል” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ።

ኳስ ስንመታ ሁለት ነገሮች ይወስናሉ፤ አንዱ ዱላው የሚወዛወዝበት መስመር ነው፣ ሌላው በምቱ ቅጽበት የዱላው ፊት የሚያይበት አቅጣጫ ነው። ድሮ የጎልፍ አስተማሪዎች ኳሷ የምትነሳው በዱላው መስመር ነው ይሉ ነበር። በራዳር ሲለካ ግን የመነሻ አቅጣጫዋን በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት ሆኖ ተገኘ፤ ድራይቨር በሚባለው ረጅም ዱላ ሲመታ 85 በመቶ ገደማ፣ በብረት ዱላ ደግሞ 75 በመቶ ገደማ። ፊቱ ከመስመሩ ይልቅ ወደ ቀኝ ካየ ኳሷ ዘንበል ብላ ትሽከረከራለች፤ አየር ላይም ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። የእኛ ሩር መሬት ለመሬት ስለምትሄድ ያን ያህል አትታጠፍም፤ ግን ያው ፊቱ ወዳየበት ትሸሻለች።

የእኔ “ዘዴ” ለምን እንዳባሰው አሁን ግልጽ ነው። ትከሻዬን ወደ ግራ ሳዞር መስመሩን ወደ ግራ ወሰድኩት፤ ፊቱ ግን እንደተከፈተ ቀረ። በመስመሩና በፊቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ፤ ዱላው ሩሯን በደንብ ከመምታት ይልቅ ጨረፋት።

በቀኝ ለሚመታ ሰው ማስተካከያው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አያያዝ፤ ከላይ ያለውን ግራ እጅ፣ ወደ ታች ስናይ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓ እስኪታየን ድረስ ወደ ቀኝ ማዞር። ይህ የተከፈተውን ፊት ይዘጋል። ሁለተኛ አቋቋም፤ እግር፣ ዳሌና ትከሻ ኳሷ ከምትሄድበት መስመር ጋር ትይዩ ይሁኑ። ሦስተኛ፣ ዱላው ሲወርድ በትከሻ አይጀመር፤ ዳሌ ይቅደም። ጋሼ ያሳዩኝ መለማመጃ ቀላል ነው፤ ከሩሯ ወዲያ ማዶ፣ ትንሽ ራቅ አድርጎ ቆብ ማስቀመጥና ቆቡን ሳይነኩ ቀስ ብሎ መምታት። ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ከመጣ ቆቡ ይነግርሃል።

እኔ ቆቡን ለብዙ ቀን መታሁት። አሁን ከአሥር ስድስት ሰባቱ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ኳሷ የት እንዳረፈች ነው፤ የዱላውን ፊት የሚያይ ጥቂት ነው። ለመጪው ገና ግን አደራ፤ ምታችሁ እስኪስተካከል ድረስ ልጆቹን ከቀኝ በኩል አርቋቸው።