ሰፊ ዓለም ሁሉ አያተርፍም

መነሻ ካፒታሉ 100 ክሬዲት ብቻ ነው። አንዲት መንኮራኩር አለችው፤ ዕዳ የለበትም፣ አለቃም የለውም። እርሻ ከሚበዛባት ላቭ ከተባለች ፕላኔት ምግብና ጨርቃ ጨርቅ በርካሽ ይገዛል፣ ፋብሪካ ወደሚበዛባት ፕላኔት ወስዶ ይሸጣል፣ በመልስ ጉዞው ደግሞ ኮምፒዩተርና ማሽነሪ ጭኖ ይመለሳል። ስሌቱ መርካቶ ለዋለ ሰው አዲስ አይደለም። ችግሩ ያለው መንገድ ላይ ነው። የጠፈር ሽፍቶች አድፍጠው ይጠብቁታል። የተሻለ መሣሪያ ልግዛ ካለ ለሸቀጥ የያዘው ገንዘብ ይጎድላል፤ ገንዘቡን ሁሉ ሸቀጥ ላይ ካዋለ ደግሞ ጭነቱንም ነፍሱንም ሊያጣ ይችላል። አደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ የሚያመላልስ ቶሎ ይከብራል፤ የፖሊስ መዝገብ ላይም ቶሎ ይሰፍራል።

ይህ ነጋዴ «ኤሊት» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ተጫዋች ነው። ጨዋታውን ዴቪድ ብራበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሠሩት፤ አኮርንሶፍት የተባለው ድርጅት በ1984 ለገበያ አቀረበው (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የተሠራለት ቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒዩተር የማስታወስ አቅሙ 32 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምንላላከው አንድ ፎቶግራፍ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሁን «ክፍት ዓለም» እየተባሉ ለሚጠሩት የቪዲዮ ጨዋታዎች፣ ማለትም ተጫዋቹ በአንድ በተሰመረለት መንገድ ሳይታሰር ወደ ፈለገበት ሄዶ የፈለገውን ለሚሠራባቸው ሁሉ፣ ከአያቶቻቸው አንዱ ይኸው ነው።

ሁለቱ ወጣቶች አስቀድመው ሥራቸውን ያሳዩት ለቶርን ኢኤምአይ ነበር። ኩባንያው አልተቀበላቸውም። ጨዋታ ማለት ሦስት ነፍስ ያለው፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ የሚያልቅ ነገር ነው የሚል እምነት ነበረው። መልሱ የሞኝ መልስ አልነበረም። የዘመኑ የጨዋታ ማሽን የሚተዳደረው በሳንቲም ነው፤ ተጫዋቹ ቶሎ ካልተሸነፈ ሌላ ሳንቲም አይከትም። የእኛም ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሒሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየሰፈሩ የእግር ኳስ ጨዋታ የነገሠው ልጆቹ ኳስ ስለሚወዱ ብቻ አይደለም፤ ግጥሚያው በደቂቃዎች ስለሚያልቅ፣ የተሸነፈው ተነስቶ ተረኛው ስለሚተካ ጭምር ነው። ሃምሳና መቶ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ የሚጫወት ሰው ለቤቱ ባለቤት፣ ወንበር ይዞ ቡና እንደማያዝ ደንበኛ ነው። ስለዚህ ክፍት ዓለም የሚሸጠው ቤቱ ገዝቶ ለሚገባው ሰው ነው። ይህ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚያወጣው ጊዜውን ነው።

እንደዚህ ያለው ደንበኛ ስንት ነው ቢባል፣ ቁጥሩ ያስደነግጣል። የሮክስታር ኩባንያ «ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» በሴፕቴምበር 2013 ገበያ ላይ በዋለ በሦስት ቀን ውስጥ የ1 ቢሊዮን ዶላር ሽያጭ አስመዘገበ። ማይክሮሶፍት በ2014 «ማይንክራፍት»ን የሠራውን የስዊድን ኩባንያ የገዛው በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ጨዋታው በ2023 የተሸጠው ቅጂ 300 ሚሊዮን ማለፉ ተነግሯል። ይህን ያየ ሁሉ ትርፉ ያለው ከስፋት ነው ብሎ ካርታውን ማስፋት ያዘ።

ይሁንና የስፋት ፈተና የመጣው ገና በኤሊት ጊዜ ነው። ብራበንና ቤል ዓለማቱን በእጃቸው አልሣሉም፤ የቁጥር ቀመር ጽፈው ኮምፒዩተሩ እንዲፈለፍላቸው አደረጉ። ቀመሩ 282 ትሪሊዮን ገደማ ጋላክሲዎች ሊያወጣ ይችል ነበር። አሳታሚው አኮርንሶፍት ግን ይህ ይቅር አለ። በ8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱም በ256 ኮከቦች ተወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቁጥሩ እንደዚያ ሲበዛ ዓለማቱ በማሽን የተፈለፈሉና አንዱ ከሌላው የማይለይ መሆናቸው ይነቃል። ገበያውን ያጥለቀለቀ ሸቀጥ ዋጋ እንደማያወጣ አኮርንሶፍት ያወቀ ይመስላል። በእኔ ግምት በዚህ ዘርፍ ከተሰጡት የንግድ ውሳኔዎች ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው።

ትምህርቱን ሁሉም አልወሰደውም። የአሜሪካው ቤተስዳ በ1996 ያወጣው «ዳገርፎል» ስፋቱ የታላቋ ብሪታንያን ደሴት ያህላል ተብሎ ተነገረለት፤ ከተማው፣ መንደሩና ዋሻው ተደምሮ 15,000 ገደማ ነበር። አንዱን መንደር ያየ ግን ብዙውን አየ። ያው ኩባንያ በ2002 «ሞሮዊንድ»ን ሲያወጣ ካርታውን ወደ አንዲት ደሴት አጥብቦ፣ ቤቱንና መንገዱን በሠራተኞቹ እጅ አስቀመጠ። እዚያ አገር መንገድ የሚጠየቀው ሰው ነው፤ እሱም ድልድዩን ተሻግረህ፣ ከትልቁ ድንጋይ ወደ ግራ ታጥፈህ እያለ ይመራል፤ ልክ እንደ አዲስ አበባ አድራሻ ማለት ነው። ሰፊው ዳገርፎል የሚወሳው በቁጥሩ ነው፤ ጠባቧ ደሴት የምትወሳው በመንገዶቿ ነው።

በ2016 ደግሞ ሄሎ ጌምስ የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ኩባንያ «ኖ ማንስ ስካይ»ን አወጣ። የፕላኔቶቹ ቁጥር ከ18 በኋላ 18 ዜሮ ነው። ገዥዎቹ ከጥቂት ፕላኔቶች በኋላ ሰለቻቸው፤ ይኖራሉ የተባሉ ነገሮች ባለመኖራቸውም ክፉኛ ተቆጡ። ኩባንያው ስሙን ለማደስ ለዓመታት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ማሻሻያ ሲያወጣ ኖሯል፤ ተሳክቶለታልም።

የባለአክሲዮኖች ዕጣ ግን ሁልጊዜ እንዲህ በትዕግሥት አያልፍም። የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ2020 በገበያ ዋጋ ከአውሮፓ የጨዋታ ኩባንያዎች ቀዳሚው እስከመባል ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 10 ቀን «ሳይበርፓንክ 2077»ን አወጣ። በቀደሙት የፕሌይስቴሽን ሞዴሎች ላይ ጨዋታው እየተበላሸ ስላስቸገረ ሶኒ ከሽያጭ መደብሩ አነሳው፤ የመለሰው በጁን 2021 ነው። በዋርሶ ገበያ የኩባንያው አክሲዮን በዚያው ዲሴምበር ከሲሶ በላይ ዋጋውን አጣ። ከተማዋ ሰፊም ውብም ነበረች፤ ያልጎደላት ስፋት ነው።

ለመሆኑ ስፋት ካልሆነ ጥሩውን ጨዋታ ጥሩ የሚያደርገው ምንድን ነው? የምጣኔ ሀብት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማራት አንዲት ቁም ነገር አለች፤ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ እሱን ለማግኘት ሲባል የተተወው ሌላ ነገር ነው። ነጻነትም እንዲሁ ነው። ወደ ፈለጉበት መሄድ ምንም የማያስከፍል ከሆነ የትም ቢሄዱ ለውጥ የለውም።

ይህን ከሁሉ አሳምሮ የተረዳው የኒንቴንዶው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ነው (2017)። የጨዋታው ዳይሬክተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ርቀትን የመጠነው የሚኖርበትን የኪዮቶ ከተማ ካርታ በጨዋታው ካርታ ላይ በመደረብ ነው፤ ከቤቱ እስከሚያውቀው ቦታ በእግር የሚፈጀውን ጊዜ ስለሚያውቅ ማለት ነው። ኮረብታዎቹ ደግሞ ሆን ተብሎ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ተሰጥቷቸዋል። ጋራው ከበስተጀርባው ያለውን ይሸፍናል፤ መንገደኛው ልውጣው ወይስ ልዙረው ብሎ መወሰን አለበት። ከወጣው ጉልበቱ ያልቃል፣ ዝናብ ከመጣ ድንጋዩ ያንሸራትተዋል። ከዞረው ጊዜ ይፈጅበታል፣ ምናልባትም ጠላት ያገኘዋል። የያዘው ሰይፍ ጥቂት ከተዋጋ በኋላ ይሰበራል። በዚህ በሰይፉ ጉዳይ ያላማረረ ተጫዋች ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሠሪዎቹ ጋር ነኝ። የማይሰበር ሰይፍ ቢኖር ኖሮ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? ጨዋታው በስዊች ማሽን ብቻ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

የቤተስዳው «ስካይሪም» (2011) የገንዘብ እጥረትን በደንብ ያስተምራል። ተጫዋቹ ከዋሻ ያወጣውን 3,000 ወርቅ የሚገመት ሰይፍ ይዞ ሱቅ ይገባል፤ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴው ካዝና ውስጥ ያለው ግን 750 ወርቅ ገደማ ነው። ወይ በርካሽ ይለቃል፣ ወይ በጨዋታው አቆጣጠር ሁለት ቀን ይጠብቃል፣ ወይ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ንብረት አለኝ ማለት ገንዘብ አለኝ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ መጽሐፍ አላየሁም። (እርግጥ በዚሁ ጨዋታ የባለሱቁ ጭንቅላት ላይ ባልዲ ደፍቶ ሱቁን መዝረፍ ይቻል ነበር። ባልዲ ያጠለቀ ባለሱቅ ሌባ አያይም።)

በ2018 የወጣው የሮክስታር «ሬድ ዴድ ሪደምሽን 2» ለብዙዎች ቀርፋፋ ነው። ፈረሱ ይቀለባል፣ ይቦረሻል፣ ከሞተም ሞተ ነው። በፈረሱ ጀርባ የሚጫነው ትልቅ ግዳይ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ቶሎ ለሥጋ ነጋዴው ካልደረሰ ይበላሻል። ቲማቲም ከመቂ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያስገባ ሰው ይህን ጨዋታ ቀርፋፋ የሚለው አይመስለኝም።

ያው ሮክስታር በ«ግራንድ ቴፍት አውቶ 5» ውስጥ የአክሲዮን ገበያ እስከመክፈት ደርሷል። ተጫዋቹ በስልኩ አክሲዮን ይገዛል፣ ይሸጣል። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ግን የኩባንያ መዝገብ በመመርመር አይደለም። ሌስተር የተባለ ገጸ ባሕርይ የአንድ ኩባንያ ሹም እንዲገደል ያዝዛል፤ ተጫዋቹ ከግድያው በፊት የተፎካካሪውን አክሲዮን ይሰበስባል፣ ሹሙ ሲሞት ዋጋው ሽቅብ ይወጣል። ብልጦቹ እነዚህን ሥራዎች ከመጨረሻው ትልቅ ዝርፊያ በኋላ ያቆዩአቸዋል፤ ካፒታሉ ሲበዛ ትርፉም በዚያው ልክ ስለሚበዛ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከተከፈተበት ከጥር 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደንበኛ ለሚያስተናግዱ ብሮከሮቻችን፣ በውስጥ መረጃ መነገድ በካፒታል ገበያ አዋጁ የተከለከለ መሆኑን ማስታወስ አያስፈልግም። የጨዋታው ጉድለት ግን ወንጀሉ አይደለም። ተጫዋቹ ቢሊየነር ከሆነ በኋላ በዚያች ሰፊ ከተማ የሚገዛው ነገር ያጣል፤ ገንዘቡ ቁጥር ብቻ ይሆናል። 100 ክሬዲት የያዘው የኤሊት ነጋዴ ከእሱ የበለጠ ሐሳብ ነበረው።

ከሁሉም እኔ የምመርጠው «ዊቸር 3»ን ነው። የሠራው ያው ሲዲ ፕሮጄክት ነው፤ ከሳይበርፓንክ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2015። መሥራቾቹ ማርሲን ኢዊንስኪና ሚካል ኪቺንስኪ በወጣትነታቸው ዋርሶ በሚገኝ የኮምፒዩተር ገበያ ጨዋታ ሲሸጡ የነበሩ ናቸው፤ ኩባንያውን በ1994 ያቋቋሙት ከውጭ ሲዲ እያስመጡ ለመሸጥ ነበር። ያኔ ዋናው ተፎካካሪያቸው በሕገወጥ መንገድ ተባዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ሲዲ ነው። ከገበያ የወጡ ሰዎች መሆናቸው ጨዋታቸው ላይ ይታያል። ጀግናው ጌራልት ጭራቅ እየገደለ የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከሥራው በፊት ከገበሬው ጋር በዋጋ ይከራከራል፤ አብዝቶ ከጠየቀ ገበሬው ይቆጣል። እያንዳንዱ መንደር የራሱ ችግር አለው፤ ችግሩም ተፈቶ ሲያበቃ አንድ ሰው መጎዳቱ አይቀርም። ጨዋታው እስከ 2023 ድረስ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ታዲያ ጨዋታው በወጣ ሰሞን አንዳንድ ተጫዋቾች አቋራጭ አገኙ። ኋይት ኦርቻርድ በተባለው መንደር ላሞቹን ያርዳሉ፣ ቆዳቸውን ይገፍፋሉ፣ ጥቂት ያርፋሉ፤ ሲነሱ ላሞቹ ተተክተው ይጠብቋቸዋል። ጭራቅ ማደን ቀርቶ ቆዳ ንግድ ተጧጧፈ። ኩባንያው ቀዳዳውን በቀጥታ ከመድፈን ሌላ ዘዴ መረጠ። በማሻሻያው ላሞቹ ሲበዛ የሚታረዱ ከሆነ ቾርት የተባለ ባለ ቀንድ ግዙፍ አውሬ እየመጣ አራጁን እንዲደቁሰው አደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ በወጣው «ሃርትስ ኦፍ ስቶን» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ግብር ሰብሳቢ ጌራልትን አስቁሞ፣ ከኋይት ኦርቻርድ ላሞች ቆዳ ያገኘው ገቢ ይኖር እንደሆነ ይጠይቀዋል። ምን ብሎ እንደሚመልስ የሚወስነው ተጫዋቹ ነው።