ያውቁ ኖሯል? ከአንድ ክር እስከ ጂሚ ሄንድሪክስ

ሞጣም ሆነ ቢቸና፣ ሠርግ ቤት ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ጆሮ የክርን ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። የዛሬው አምዳችን ካለፉ በኋላም አድናቂዎቻቸው ያልተለዩአቸውን ሁለት የክር ጌቶች ያነሣል፤ አሜሪካዊውን የሮክና የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስንና የክራሯን እመቤት አስናቀች ወርቁን።

• የጂሚ ሄንድሪክስ የመጀመሪያ መሣሪያ አንድ ክር ብቻ የቀረላት ዩኩሌሌ እንደነበረች ያውቁ ኖሯል? ዩኩሌሌ ጊታር የምትመስል ትንሽ መሣሪያ ናት። ልጁ ከአባቱ ጋር የሰው ቤት ቆሻሻ ሲያነሣ አገኛት፤ በጆሮው የያዘውን ዜማም በዚያችው አንድ ክር እየፈለገ ይጫወት ነበር። አንድ ክር ምን ያህል እንደሚበቃ የጎጃም አዝማሪ አሳምሮ ያውቃል። ከፈረስ ጭራ በተሠራች አንዲት ክር ድግሱን ያሞቃል፣ ሲፈልግም ያስለቅሳል።

• የመጀመሪያ ጊታሩ በ5 ዶላር የተገዛች አሮጌ ጊታር ናት። መምህር አልነበረውም፤ ኖታ ማንበብም አልተማረም። እንደ ክራር ተጫዋቾቻችን ሁሉ እያየና እየሰማ ነው የለመደው።

• ጂሚ ግራኝ ነበር። ለቀኝ እጅ የተሠራ ጊታር ገልብጦ ይይዝና ክሮቹን እንደገና አውልቆ በራሱ አያያዝ ይደረድራቸው ነበር። ዛሬም ፎቶውን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ተገልብጣ የተያዘችውን ጊታር ነው።

• የትዝታ ቅኝትና የብሉዝ ጊታር አንድ ዓይነት ድምፆች እንደሚጋሩስ ያውቁ ኖሯል? ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ብሉዝ የሚጀምር ልጅ በመጀመሪያ ከሚማራቸው ቅኝቶች አንዱ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ያው አምስት ድምፅ! ልዩነቱ ዜማው የሚያርፍበት ቦታና ብሉዙ ክሩን እየሳበ ድምፁን ማጣመሙ ነው። በትዝታ የተቃኘ ክራር የያዘ የሞጣ ወጣት የሄንድሪክስን አምስት ድምፅ በእጁ ይዟል ማለት ነው።

• ይህን ዝምድና የውጭ አሳታሚዎችም ልብ ብለውታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮጲክ» የተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 10ኛው ቅጽ ለትዝታ የተሰጠ ሲሆን፣ በርዕሱ ላይ የኢትዮጵያ ብሉዝ ተብሎ ነው የቀረበው። 16ኛው ቅጽ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የአስናቀች ወርቁ ነው።

• አስናቀች ከክራሯ በፊትም ሆነ ከክራሯ ጋር የመድረክ ሰው ነበረች። የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ ይወከል በነበረበት ዘመን ቴአትር ከደፈሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። በብሔራዊ ቴአትር መድረክ ያያት ትውልድ በትወናዋም፣ በክራሯም፣ በአለባበሷም ያስታውሳታል። ወዳጆቿ «አስኒ» ይሏታል፤ ራሄል ሳሙኤል ስለ እርሷ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ርዕሱን ያገኘው ከዚሁ የቁልምጫ ስም ነው።

• ክራር በግርፍ ሲመታ ግራ እጅ ምን እንደሚሠራ አስተውለው ያውቃሉ? ቀኝ እጅ በመምቻው ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ይገርፋል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ነካ እያደረጉ ያፍኗቸዋል፤ የሚሰማው ጣት የተነሣለት ክር ብቻ ነው። ጊታር ተጫዋች ክሩን ተጭኖ ድምፅ ሲያወጣ፣ ክራር ገራፊ ክሩን ለቅቆ ድምፅ ያወጣል። ከቀንበሩ እስከ ገበቴው ያለው ጥበብ በዚህ መልቀቅና መያዝ ላይ የቆመ ነው።

• ሄንድሪክስ በዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር የተጫወተው ነሐሴ 12 ቀን 1961 ዓ.ም፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አዲስ አበባ ላይ አምኃ እሸቴ «አምኃ ሪከርድስ»ን አቋቁሞ የመንግሥትን የሸክላ ኅትመት ብቸኛ ሥልጣን ሰብሮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በሄንድሪክስ የገነነው፣ በእግር እየተጫኑ የጊታርን ድምፅ የሚለዋውጡበት የዋው ዋው ፔዳል በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ተሰማ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አልበም የሰማ ያገኘዋል።

• ዓለም ያወቀው ሄንድሪክስ የ4 ዓመት ሄንድሪክስ ነው። መስከረም 14 ቀን 1959 ዓ.ም ለንደን ገባ፤ መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም እዚያው ለንደን ውስጥ በ27 ዓመቱ አረፈ። በሕይወት ሳለ ያወጣቸው የስቱዲዮ አልበሞች 3 ብቻ ናቸው። አስናቀችም ያረፈችው በመስከረም ነው፤ በ2004 ዓ.ም።

• የሄንድሪክስ አድናቂዎች መቃብሩን እንዳስቀየሩትስ ያውቁ ኖሯል? በትውልድ ከተማው በሲያትል አቅራቢያ፣ ሬንተን በሚገኘው መካነ መቃብር በትንሽ ድንጋይ ሥር ነበር ያረፈው። የሚጎበኘው ሰው ስለበዛ እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያው ግቢ ጉልላት ያለው የድንጋይ መታሰቢያ ተሠርቶለት አፅሙ ወደዚያ ተዛወረ። ሲያትል መሀል ተንበርክኮ ጊታር ሲጫወት የሚያሳይ ሐውልትም አለው፤ አድናቂዎች አበባና ሻማ ያኖሩለታል።

• ጂሚ የተማረበት ጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለበት የሲያትል ሰፈር ዛሬ የሐበሻ ሰፈርም ነው። በአቅራቢያው በሚያልፈው ቼሪ ጎዳና የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ልጁ ጊታር ባነገተበት መንገድ ዛሬ የቡናና የበርበሬ ሽታ ያውዳል።

• ለንደን ውስጥ የኖረበት የብሩክ ጎዳና ቤት ግድግዳ የሚጋራው የ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ አቀናባሪ ሃንድል ከኖረበት ቤት ጋር ነው። ሁለቱም ቤቶች ዛሬ አንድ ላይ ሙዚየም ሆነዋል። ኒውዮርክ ውስጥ ያሠራው ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮም እርሱ ካለፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት እስከ ዛሬ ሙዚቃ ይቀረፅበታል።

አድናቆት ቁም ነገር የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። የሄንድሪክስ አድናቂዎች አልቅሰው ብቻ አልተመለሱም፤ ቅጂውን ሰበሰቡ፣ ቤቱን ጠበቁ፣ ጊታሩን ለልጆቻቸው አስያዙ። አስናቀችንም ዛሬ ክራር የሚያነሡ ወጣቶች የሚሰሟት ድምጿ በጊዜው ስለተቀረፀ ነው። በሞጣና በቢቸና ገጠሮች ግን ማሲንቆና ክራራቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀረፅ ያለፉ ስንት ጌቶች ነበሩ!

አንባቢ ሆይ፣ በሰፈርዎ ክራር የሚገርፉ ወይም ማሲንቆ የሚመቱ አባት ወይም እናት ካሉ ፈቃዳቸውን ጠይቀው በስልክዎ ይቅረፁአቸው። ስማቸውን፣ አገራቸውንና ቅኝቱን ከማን እንደተማሩ አብረው ይመዝግቡ። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው፤ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይጀምሩት።