ጀማሪ አንጥረኛ በቤቱ ግቢ ስለሚያቋቁመው የብረት ሥራ ቤት

የእርሻ ወራት በደረሰ ጊዜ ገበሬው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ሰማዩንና በሬዎቹን ነው። ማረሻውን የሚያስበው ግን ብዙ ጊዜ ከዶለዶመ ወይም ከተሰበረ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አንጥረኛው በቅርብ ካለ ማረሻው በአንድ ጧት ተቀጥቅጦ ይመለሳል፤ የአንጥረኛው መንደር የአንድ ቀን መንገድ የራቀ እንደ ሆነ ግን ገበሬው ለመሄጃ አንድ ቀን፥ ተራ ለመጠበቅ አንድ ቀን፥ ለመመለሻም አንድ ቀን ያጠፋል። በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ፤ መሬቱ የጠጣው እርጥበት ግን ገበሬውን አይጠብቅም። ስለዚህ በየቀበሌው አንድ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው መኖሩ የአገር ገዥውም፥ የወረዳው ሹምም፥ የባለ መሬቱም ጉዳይ ነው።

አንጥረኛ የጠፋበት አገር ለምን እንደ ጠፋበት ቢመረመር ምክንያቱ የብረት እጦት ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ነው። በጎንደር አገር ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ ከኖሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በተጓዙ ጊዜ የእጃቸው ጥበብ አብሯቸው ሄደ። በሌላውም አገር ቀጥቃጭን ቡዳ ነው እያሉ መስደብና ከማዕድ ማራቅ ልጆቹ የአባታቸውን መዶሻ ጥለው ወደ ከተማ እንዲሄዱ አድርጓል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስድቡ ከገበያ ፈጽሞ አልጠፋም። ማረሻውን በዚሁ ሰው እጅ እያሠራ ዓይኑን የሚፈራ ገበሬ መኖሩ የሚያስገርም ነው።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስበው ሰው ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለበት። ከውጭ አገር የመጣ ትልቅ መስፍ፥ ማለት ብረት የሚቀጠቀጥበትን መሣሪያ ካልገዛ መሥራት የማይቻለው ይመስለዋል። ገንዘቡ በመስፉ ያልቅና ከሰልና ብረት የሚገዛበትን ያጣል። ለማረሻና ለማጭድ የሚበቃ የሥራ ቤት ግን ከወደቀ ዕቃ ሊቋቋም ይችላል።

ቦታው ከሣር ክዳን ቤትና ከእህል ክምር የራቀ፥ ወለሉ አፈር የሆነ፥ ላዩ ቆርቆሮ የለበሰ ዳስ ይሁን። ጥላው ለሠራተኛው ምቾት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የጋለ ብረት ሙቀቱ የሚታወቀው በመልኩ ነው፥ በፀሐይ ብርሃን ግን የቀላው ብረት ጥቁር መስሎ ይታያል። ዙሪያውን ግን በግድግዳ መዝጋት አይገባም። ከሰል ሲነድ የማይታይና የማይሸት መርዘኛ አየር ያወጣልና በተዘጋ ክፍል የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ይሞታል። አንድ ጋን ውሃና አንድ ክምር አሸዋ ከዳሱ አይለዩ።

ምድጃው በመሬት ላይ የተቈፈረ ጕድጓድ ቢሆን ይበቃል። ቆሞ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው የበርሜል እኩሌታ ወይም የአሮጌ መኪና ቸርኬ በእግር ላይ አቁሞ ውስጡን ሸክላ አፈርና አሸዋ በተቀላቀለበት ጭቃ ይለስነዋል። የእሳቱ ስፍራ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፥ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን በቂ ነው፤ ከዚህ ቢሰፋ ከሰል ይበላል እንጂ ብረቱን አብልጦ አያግልም። ጭቃው በጥላ ከደረቀ በኋላ እንደ አዲስ ምጣድ በትንሽ እሳት መሟሸት አለበት። የወንዝ ድንጋይ በዙሪያው አይደርደር፤ በውስጡ ያለው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩ ይፈነዳል። የነፋሱ ቧንቧ በጐን በኩል ይገባል፤ ይህም ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ እንዳይሆን መጠንቀቅ ነው። ዚንክ በእሳት ሲቃጠል የሚያወጣውን ነጭ ጢስ የተነፈሰ ሰው ጥቂት ሰዓት ቈይቶ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ይይዘዋል።

ከሁለት የፍየል ቆዳ የተሰፋው የአገር ወናፍ ዛሬም የሚናቅ መሣሪያ አይደለም። ሁለቱ ቆዳዎች በተራ ሲከፈቱና ሲጨቈኑ ነፋሱ አይቋረጥም። ጉድለቱ ረዳት መፈለጉ ነው፤ መዶሻ የያዘ ሰው ወናፍ ሊነፋ አይችልምና። ብቻውን የሚሠራ ሰው በአሮጌ ብስክሌት ጐማና በጠፍር የሚዞር ማራገቢያ ሊያበጅ ይችላል። የኤሌክትሪክ መብራት በገባበት አገር ትንሽ ማራገቢያ ይበቃል፤ ነገር ግን ነፋሱን የሚቀንስ መዝጊያ ያስፈልገዋል። ከመጠን ያለፈ ነፋስ ከሰሉን ይጨርሳል፥ ብረቱንም ያቃጥላል።

ወደ መስፉ ስንመለስ፥ ዋናው ነገር የፊቱ ስፋት ሳይሆን ከመዶሻው በታች የሚገኘው ክብደት ነው። የባቡር ሐዲድ ቍራጭ ተጋድሞ ከሚቀጠቀጥበት ይልቅ በቁሙ ቢተከል ይሻላል፤ ፊቱ ጠባብ ቢሆንም የብረቱ ክብደት ሁሉ ከምቱ በታች ይሆናል። ሐዲድ ያላገኘ ሰው የትልቅ መዶሻ ራስ በወፍራም ግንድ ውስጥ ግማሹን ቀብሮ ይሠራበታል። ግንዱ በመሬት ውስጥ ጠልቆ የማይነቃነቅ ይሁን፤ ቆሞ ለሚሠራ ሰው የመስፉ ከፍታ ክንዱን ወደ ታች ለቆ እጁን ሲጨብጥ ጭብጡ የሚደርስበት ልክ ነው። ስለ ሐዲድ ሹማምንት አንድ ነገር ሊያዩ ይገባል። አሮጌው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር በብዙ ቦታ ባቡር ባይሄድበትም ብረቱ ባለቤት የሌለው አይደለም፤ ቍራጩ በደረሰኝ የተገዛ መሆኑ ይመርመር።

አንድ ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ለጀማሪ ይበቃል። ጉጠት መግዛት ግን አያስፈልገውም። ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የግንብ ፌሮ በአንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን ጫፍ ቢያግል እጁ ሳይቃጠል መቀጥቀጥ ይችላል። በዚህ አኳኋን ምስማርና ኩላብ እየሠራ እጁን ያለማምዳል፤ ቀጥሎ መብሻና መሮ፥ ከዚያም ጉጠቱን ራሱ ይሠራል። ጉጠት ሠርቶ የጨረሰ ጀማሪ የመምታትን፥ የማጠፍንና የመብሳትን ሥራ አውቋል ማለት ነው። በመንደሩ ወይም በጎረቤት ወረዳ የሸመገለ አንጥረኛ ካለ ግን ጥቂት ወር ወናፍ እየነፋለት ቢቀመጥ በጽሑፍ የማይገኘውን ይማራል።

ፌሮ ስለት አይዝም። ለማረሻ፥ ለማጭድና ለመጥረቢያ የሚስማማው የመኪና ባሌስትራ ነው፤ ከመቶው ክፍል ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ስላለበት በእሳትና በዘይት ይጠነክራል። የሚቀጠቀጠው የብርቱካን መልክ ሲይዝ ነው። ቅላቱ ሊጠፋ ሲል መምታትን መተው ያስፈልጋል፥ አለዚያ ይሰነጠቃል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ የረጨ ብረት ተቃጥሏል፤ ያን ቍራጭ ቈርጦ መጣል እንጂ ማዳን አይቻልም።

ለማጠንከር ጫፉን ብቻ ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ማጋል ነው። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ጥቂት አለፍ ሲል ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። በቀዝቃዛ ውሃ ቢነከር ባሌስትራ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል። ከዘይት የወጣው ጫፍ እንደ መስታወት ተሰባሪ ነውና በዚህ ሁኔታ ለገበሬ መስጠት አይገባም። በአሸዋ ድንጋይ ተፈግፍጎ ከነጣ በኋላ ከጀርባው በኩል በዝግታ ሲሞቅ ጫፉ መጀመሪያ የገለባ መልክ፥ ቀጥሎ ቡናማና ሐምራዊ፥ በመጨረሻም ሰማያዊ ይሆናል። ማጭድ በቡናማው ላይ፥ ከድንጋይ ጋር የሚጋጭ ማረሻ በሰማያዊው ላይ ከእሳት ይውጣ። የገበሬ ማረሻ በመጀመሪያው ድንጋይ የሚሰበረው ይህ ሥራ ሲዘለል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ከወደቀ ብረት ይመጣል። ዘይት ወይም ጋዝ የታሸገበት ቱቦ በእሳት ውስጥ ይፈነዳል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በተደረገበት በሰሜኑ አገር፥ ቀድሞም ጦርነት ባለፈበት ቦታ ሁሉ፥ የመድፍና የሞርታር ጥይት በእርሻ ላይ ይገኛል። ብረቱ ወፍራምና መልካም ስለሚመስል ወደ ምድጃ የሚወስደው አይታጣም። ዝገት የበላው ጥይት ሞቷል ማለት ሐሰት ነው። የወረዳው ሹም ይህን በገበያ ቀን በቃል ያስነግር፤ የተገኘበትም ቦታ ሳይነካ ምልክት ተደርጎበት ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ ሠራዊት ይመልከት።

ሹሙና ባለ መሬቱ ሊያደርጉት የሚችሉት ከዚህ በቀር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በገበያው ዳር ለዳስ የሚበቃ ቦታ መስጠት፥ ከሰሉ ከዱር እንጨት እንዳይሆን ባሕር ዛፍ የሚቈርጥበትን ስፍራ መለየት፥ ሰዳቢውን በሽማግሌ ፊት መውቀስ ነው። በሠርግና በማኅበር ሹሙ ራሱ ከአንጥረኛው ጋር በአንድ ማዕድ ቢቀመጥ ብዙ ሰው ይከተለዋል።

ዳሱን በኅዳር፥ መኸር ሲሰበሰብ መጀመር ይመረጣል። በዚያ ወር ጭቃው ፈጥኖ ይደርቃል፥ ገበሬውም እንጨት ለማቆም ጊዜ አለው። እስከ የካቲት ፌሮ ሲቀጠቅጥ የሰነበተ ጀማሪ በመጋቢት የዶለዶሙ ማረሻዎችን ለመሳል ሊቀበል ይችላል፤ አዲስ ማረሻ እንዲሠራ ግን እስከ ሚያዝያ አይጣደፍ።