እውነት ወይስ ተረት? ከቆዳ ፋብሪካ ፍቅፋቂ የሚወጣው ጄላቲን

ተረት፦ ሰማያዊው የቆዳ ፍቅፋቂ ከመጣል ወይም ከማቃጠል በቀር ለምንም አይውልም።

እውነት፦ በክሮም የለፋ ቆዳ ውፍረቱ እኩል እንዲሆን በማሽን ሲላግ የሚረግፈው ይህ እርጥብ ፍቅፋቂ፣ ሲደርቅ አብዛኛው ክብደቱ ኮላጅን ነው። ቅልጥም ሲቀቀል ወደ መረቁ ወጥቶ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያረጋው ያው ፕሮቲን ማለት ነው። ልዩነቱ ክሮሙ አጥብቆ ስላሰረው በፈላ ውኃ ብቻ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፊላደልፊያ አቅራቢያ የሚሠሩ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች መፍቻውን አሳይተዋል። ፍቅፋቂው ከማግኒዚየም ኦክሳይድ ጋር 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ውኃ ለሰዓታት ይቆያል፤ ኮላጅኑ ጄላቲን ሆኖ ይሟሟል፣ ክሮሙ ግን ከሥር ይዘቅጣል። ከዝቃጩ በኢንዛይም ተጨማሪ ፕሮቲን ይወጣል፤ የቀረው ክሮም በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ እንደገና ቆዳ ያለፋል። ይህን ሁሉ እሳት ውስጥ መጨመር ያሳዝናል፤ አደገኛም ነው። ቆዳው ላይ ያለው «ክሮም 3» ሲቃጠል ከፊሉ ወደ «ክሮም 6» ሊለወጥ ይችላል፤ እሱን መተንፈስ ደግሞ ለካንሰር ያጋልጣል።

ተረት፦ ጄላቲን ያው ጄላቲን ነው፤ ከተጣራ ከየትም ቢመጣ ይበላል።

እውነት፦ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 የቻይና ብሔራዊ ቴሌቪዥን፣ የመድኃኒት ካፕሱል ከክሮም ቆዳ ቁርጥራጭ በወጣ የኢንዱስትሪ ጄላቲን ሲሠራ እንደነበር አጋለጠ። የአገሪቱ ደንብ በ1 ኪሎ ግራም ከ2 ሚሊ ግራም በላይ ክሮም አይፈቅድም፤ ከናሙናዎቹ አንዱ ከዚያ 90 እጥፍ በላይ ተገኘበት። የዚህ ጄላቲን ቦታው ሙጫና የቆዳ መሙያ ነው፤ ወደ አፍ መድረስ የለበትም።

ተረት፦ እንግዲያው ከቆዳ ፋብሪካ የሚበላ ጄላቲን አይወጣም።

እውነት፦ ይወጣል፤ ከክሮሙ በፊት ከሆነ። ቆዳው ኖራ ውስጥ ቆይቶ ፀጉሩ ከለቀቀ በኋላ የሚቆረጠው ጠርዝና የሚሰነጠቀው የውስጥ ሽፋን ክሮም አልነካውም። በዓለም ገበያ ያለው የከብት ቆዳ ጄላቲን በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህ ቁራጭ ከሰማያዊው የክሮም ፍቅፋቂ ጋር አንዴ ከተደባለቀ ግን ለምግብነት አይመለስም። ስለዚህ ሞጆን በመሳሰሉ የቆዳ ፋብሪካ ከተሞች ከውድ መሣሪያ በፊት የሚያስፈልገው፣ የኖራውን ቁራጭና የክሮሙን ፍቅፋቂ ከመነሻው በየራሱ ዕቃ ማጠራቀም ነው።