የቆመ መኪናም ያረጃል

አንድ ወዳጃችን በበጋው ወራት፣ ቅዳሜ ጧት፣ ከደጃችን መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። ወጥተን ብንመለከት፣ ቀይ ቀለም የተቀባች፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ጣራዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍና ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ የስፖርት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ፈገግ ይላል። ወዳጃችን ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ በስምንቱ ዓመት ውስጥ ከደመወዙ እየቆነጠረ ያጠራቀመው ገንዘብ ሁሉ እነሆ አራት ጎማ አውጥቶ ቆሟል።

«እስቲ ቁጥሩን እዩት!» አለን በኩራት። ቁጥሩ ከ41,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ያልፋል። መኪናይቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የተሠራች ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ናት (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጽፋቸዋለን)። የቀድሞው ባለቤቷ የውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ በእሑድ በእሑድ ብቻ ሲነዳት ኖሮ ወደ አገሩ በሄደ ጊዜ ሸራ አልብሶ በግቢው ውስጥ ትቷት ነበር። እንዲህ ሆና ስድስት ዓመት ቆመች። ዘበኛው ግን በየሳምንቱ ሞተሯን ለአምስት ደቂቃ ያህል አስነሥቶ ያጠፋው ነበር። ይህን የመጨረሻውን ነገር ወዳጃችን ለመኪናይቱ ጤንነት እንደ ትልቅ ምስክር አድርጎ ነገረን፤ እኛም ሞኝነታችን ሆኖ አመንነው።

በሚመጣው ቅዳሜ የእኅቱ ሠርግ በደብረ ማርቆስ ነው። የወዳጃችን አሳብ ጣራዋን ገልጦ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአንድ ጧት ጨርሶ ከሠርጉ ቤት ደጃፍ ላይ መቆም ነው። በጎኑ ያለው ወንበር ለእኛ ተሰጠን።

እዚህ ላይ ስለ መኪናይቱ ጥቂት እንበል። ቀላል፣ ክፍትና ባለ ሁለት ወንበር የሆነውን መኪና በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት በሰፊው ይሠሩ የነበሩት እንግሊዞችና ጣሊያኖች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ዓይነቱ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ፣ ማዝዳ በየካቲት ወር 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ይህችን አቀረበ። በሂሮሺማ እየተሠራች ከወጣችው ከዚች መኪና በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተፈጸመ። የተወደደችበት ምክንያት ፍጥነቷ አይደለም፤ ከእርስዋ የሚፈጥኑ ብዙዎች አሉ። ክብደቷ አንድ ቶን ያህል ብቻ በመሆኑና ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች በመሆናቸው፣ ለነጂው እጅ እንደ ገራም በቅሎ ትታዘዛለች። ወዳጃችን ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ያላወቀው በሆድዋ ውስጥ ያለውን ነው።

ሰኞ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ለሥርዓቱ ያህል፣ በሰፈራችን ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ይዘናት ሄድን። ሰውዬው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ዘይቶቿ መቼ ተቀየሩ?»

«ጋሼ፣ እኮ አርባ አንድ ሺሕ ብቻ ነው የሄደችው» አለ ወዳጃችን።

«ስንት ሄደች አላልኩህም ልጄ፤ መቼ ነው ያልኩህ።»

መልስ አልነበረም። ከሰነዶቿ ጋር የመጣው የሰርቪስ መዝገብ የመጨረሻው ማኅተም የዐሥር ዓመት ዕድሜ ነበረው።

መካኒኩ የሞተሩን ዘይት መሙያ ክዳን ነቅለው ገልብጠው አሳዩን። ከሥሩ ወተት የገባበት ቡና የመሰለ ነጣ ያለ ቅባት ተጣብቆበታል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አብዛኛው በጭስ መውጫው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኖቹ ጎን አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ግሎ ረዘም ላለ ጊዜ የሠራ እንደ ሆነ ያ ውሃ ተንኖ ይወጣል። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ተነሥቶ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ውሃው እዚያው ይቀርና ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ አሲድና አተላ ይሆናል። እንግዲህ ያ ደግ ዘበኛ በየሳምንቱ ያደርግ የነበረው፣ በቅን ልቡና፣ ውሃ መጨመር ነበር። በቀዝቃዛ ጧት ሞተሯ ሲነሣ ከላይ በኩል «ታክ ታክ ታክ» የሚለውም ድምፅ የዚሁ ዘመድ ነው፤ በዚች ሞተር ቫልቮቹን የሚገፉት ትንንሽ ክፍሎች ክፍተታቸውን የሚጠብቁት በዘይት ግፊት ስለ ሆነ፣ ዘይቱ ሲያረጅና ሲቆሽሽ ያጉረመርማሉ።

ወዳጃችን ፊቱ ጥቂት ጠቆረ፤ ነገር ግን «የሞተር ዘይት ይቀየር፤ እርሱ አራት ሊትር ነው» ብሎ ለመገላገል ሞከረ። መካኒኩ ግን ወደ ፍሬኑ ዘይት ዕቃ ዞረው ነበር። አዲስ የፍሬን ዘይት እንደ ቀጭን ማር ብሩህ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው የጠቆረ ጠላ ይመስላል።

የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነው። የፍሬን ዘይት፣ በስሙ ዘይት እንበለው እንጂ፣ ከአየር ውስጥ እርጥበትን የሚጠጣ ነገር ነው። መኪናው ቢሄድም ባይሄድም በጎማ ቱቦዎቹና በክዳኑ በኩል ውሃ ይገባዋል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደንግጓል፤ ከመቶው 3.7 እጅ ያህል ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ከሆነ ከ205 ወደ 140 ነው። ከዚያም ባለፈ ቁጥር ይወርዳል። ዘይቱ በፈላ ጊዜ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎትም እንደ ስፖንጅ የሚጨመቅ ነው። እግር ፔዳሉን እስከ መሬት ይጫናል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በከተማ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ሲመላለስ ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ ፍሬኑ ያን ያህል አይግልምና።

አሁን ደግሞ የዓባይን በረሃ አስቡት። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንደዚች ያለች ቀላል መኪና ሁለት ሰው ይዛ ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ብትወርድ፣ በዲስኮቹ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል፤ ዐዋቂ ነጂም ከባድ ማርሽ አግብቶ ሞተሩ እንዲይዝለት ያደርጋል። ነገር ግን ወዳጃችን ከሸራ ሥር የወጣች የስፖርት መኪና ይዞ፣ ወደ እኅቱ ሠርግ እየቸኮለ፣ ጓደኛ ከጎኑ ተቀምጦ እያየው፣ ሁሉን በማርሽ ይወርዳል ብለን አንምልም። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ትዝ አለን፤ ከጎኑ የምንቀመጠው እኛ ስለ ሆንን ደግሞ ይበልጥ ትዝ አለን።

ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ሥራው ተጀመረ። መኪናይቱ በክሪክ ተነሥታ በአራት ጠንካራ የብረት ድጋፎች ላይ ተቀመጠች፤ መካኒኩ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንንም አያስገቡም። የሞተሩን ዘይት ሞቅ እንዳለ አፈሰሱት፤ ፊልትሮውም ተለወጠ። ስለ ካምቢዮውና ስለ ዲፈረንሻሉ ደግሞ አንድ ሕግ አላቸው፤ የማፍሰሻውን ቡሎን ከመንካት በፊት የመሙያው ቡሎን መፈታት አለበት። በወጣትነታቸው አንድ ረዳት ዘይቱን አስቀድሞ አፍስሶ፣ የመሙያው ቡሎን በዝገት ምክንያት አልፈታ ብሎ፣ የደንበኛው መኪና ባዶ ሆዷን ሁለት ቀን ቆማለች። የኛም የዲፈረንሻል ቡሎን አንድ ሰዓት ሙሉ ታገላቸው። ካምቢዮው 2 ሊትር፣ ዲፈረንሻሉ 1 ሊትር ነው የሚይዘው፤ ዘይታቸው ግን አንድ አይደለም። የዲፈረንሻሉ ጥርሶች እየተንሸራተቱ ስለሚፋተጉ ጂ ኤል 5 የሚባለውን ብርቱ ዘይት ይፈልጋሉ፤ በዚያ ውስጥ ያለው ድኝ ነክ ቅመም በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ሊጎዳ ስለሚችል መካኒኩ ለካምቢዮው ጂ ኤል 4 መረጡ። ሻጩ «ሁሉም የማርሽ ዘይት ነው» ቢል ልናምነው አይገባም።

የራዲያተሩ ውሃ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ የዝገት ቀለም ይዞ ወጣ፤ 6 ሊትር ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ተማሪዎች ያውቃሉ፤ ስለዚህ እኛ አገር ግፊቱን የሚይዘው የራዲያተር ክዳንና መፍያውን ከፍ የሚያደርገው ኩላንት ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ያስፈልጋሉ። የወጣው ኩላንት ጣፋጭ መርዝ ስለ ሆነ ውሻም ሕፃንም ከማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ። የተቃጠለውን የሞተር ዘይት በጀሪካን የወሰደው ያው ዘበኛ ነው፤ የአጥሩን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባዋል። ወደ ቦይ ከመድፋት ይሻላል።

የፍሬኑ ተራ ሐሙስ ማታ ደረሰ። ወዳጃችን ከመሪው ኋላ ተቀመጠ፤ መካኒኩ ከሁሉ ራቅ ካለው የኋላ ጎማ ጀምረው በየጎማው ካለችው ትንሽ ቡሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ይሉታል። ብርሌ የመሰለች ጠርሙስ የያዝነው እኛ ነበርን። በመጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያም ብሩሁ ዘይት መጣ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ደስ ብሎን ወደ ፍሪሲዮኑ ተሻገርን፤ በዚች መኪና ፍሪሲዮኑም የሚሠራው በዚሁ ዓይነት ዘይት ነውና።

በዚያ ግን ነገሩ ተበላሸ። አሮጌው ዘይት ወጥቶ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ እስከ ታች እንደ ተረገጠ፣ እዚያው ወርዶ ቀረ። ከካምቢዮው ጎን የተሰካችው ትንሽ ሲሊንደር ታፈሳለች። በውስጧ ያለው ጎሚኒ ለዓመታት በአንድ ስፍራ ብቻ ሲመላለስ ኖሮ፣ ዛሬ ዝገት ወዳለበት ወገን ተገፍቶ ተቀደደ።

ወዳጃችን ከመኪናይቱ ወርዶ ዝም ብሎ ቆመ። ቀጥሎ የተናገረው በቁጣ ነበር። «ጋሼ፣ እስከ ትናንት ትሄድ ነበር እኮ! ባትነኳት ኖሮ ነገ መንገድ ላይ ነበርኩ።»

«ነበርክ» አሉ መካኒኩ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። «ይቺም ጎሚኒ አብራህ ነበረች። የት ላይ እንደምትቀደድ አንተ ነህ የምትመርጥላት?»

ሐቁን ለመናገር፣ ወዳጃችን ያን ጊዜ የተናገረው ከንቱ አልነበረም። ብዙ ሰው አሮጌ መኪና ሲያስነካ የሚፈራው ይህንን ነው፤ አንዱ ሲጸዳ ሌላው ያፈሳል። ወጪውም ቀላል አይደለም። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን ይዞ መቆየት የግድ ሆኗል፤ ለእንደዚች ያለች ብርቅ መኪና ዕቃ ማግኘትም ጊዜ ይወስዳል። እኛ ግን ያየነውን ጥቁር ዘይት ካየን በኋላ፣ ሲሊንደሯ ባታፈስም ኖሮ ያንን ፍሬን ይዞ ዓባይ መውረድ ይገባ ነበር ለማለት አንደፍርም።

ዓርብ ጧት ሁለታችንም በአውቶቡስ ሄድን። ወዳጃችን እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ አልተናገረም። ቁልቁለቱ ላይ ነጂው ማርሹን አክብዶ በቀስታ ሲወርድ፣ ከፊታችን ካለ የጭነት መኪና የተቃጠለ የፍሬን ሽታ በመስኮት ገባ። ወዳጃችን ወደ ገደሉ ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ እኛ ተመልክቶ፣ «ይቺ ሽታ የኛ ነበረች» አለ። ሠርጉ ላይ እኅቱ ቀይዋን መኪና የት እንዳደረሳት ስትጠይቀው «ታማብኝ ነው» ብሎ አለፈ።

ጎሚኒዋ በሦስተኛው ሳምንት ተገኘች። ከዚያም በኋላ አንድ ቅዳሜ በገዛ መኪናው በረሃውን ወረድን፤ ብዙውን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ። ከታች ቆመን ወርዶ እጁን ወደ ጎማዎቹ አስጠጋ፤ ሙቀቱ ከርቀት ይሰማል፤ ፔዳሉ ግን እንደ ተነሣንበት ሰዓት ጠንካራ ነበር። ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሆነው ክፍቱን ጣራ በምኞት ስለ ተመለከቱት ብዙ አልቆየንም።

ደጀን ደርሰን ሻይ ስንጠጣ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። በየገጹ የሞተር፣ የፍሬን፣ የፍሪሲዮን፣ የካምቢዮ፣ የዲፈረንሻል፣ የራዲያተር እያለ በተራ ጽፏል። ከጎናቸው ለኪሎ ሜትሩ የተሰመረው ዓምድ ጠባብ ነው፤ ለቀኑ የተተወው ሰፊ ነው። በፍሬኑ ትይዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ያለውን ቀን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት፤ ከዚያም ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው።